የእፍዬ አንጓ

ደንበኞቿ «እፍዬ» ነው የሚሏት። የሞቀውን የፀጉር ማንሻ ዋክስ በጠፍጣፋ እንጨት ጨልፋ፣ ማንም ሰው ላይ ከማድረጓ በፊት በራሷ የግራ እጅ አንጓ፣ በውስጠኛው በኩል ጠብ ታደርገዋለች። እፍ ትልበታለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ሥራ ይጀመራል። የማሞቂያው የሙቀት ቁጥሮች ከተፋፋቁ ቆይተዋል። የሳሎኑ ባለቤት «ሌላ ልግዛ እንዴ?» ስትላት፣ «የኔ አንጓ መች ተበላሸና!» ብላ ትስቅባታለች።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ሳቁ ከአንገት በላይ ሆኗል። አንጓዋ እንደ ድሮው አይነግራትም። ስንት ዓመት ሙሉ ትኩስ ነገር የተንጠባጠበበት ቆዳ ደንድኖ፣ የሞቀውም ለብ ያለውም አንድ እየሆነባት ነው። በቀደም አንዷ ደንበኛ «ኧረ አቃጠልሽኝ!» ብላ ስትነሳ፣ «አንቺ ደግሞ ቅቤ ነሽ እንዴ?» ብላ በቀልድ አለፈችው። ቀልዱ ለደንበኛዋ ነበር፤ እሷ ግን ቀኑን ሙሉ አንጓዋን ስትቆነጥጥ ዋለች። ለሳሎኑ ባለቤት ብትናገር ከዚያች ጠባብ የዋክስ ክፍል መውጣቷ ነው፤ ከዚህ ሌላ ደግሞ እጇ የለመደው ሥራ የለም። እናም ነገሩን ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው። ፈሪ ናት እንዳትሉ፤ እንጀራው በአንድ አንጓ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ምን ያድርግ?

ቅዳሜ ከሰዓት ታናሽ እህቷ መጣች። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት እሷ ናት። ሰኞ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆና ሥራ ትጀምራለች፤ የደንብ ልብሱ ደግሞ አጭር ቀሚስ ነው። እንደታዘዘችው ትናንት እግሯን በሻካራ ጨርቅ ቀስ ብላ አሽታ፣ ዛሬ ቅባት ሳትነካ፣ በሙቅ ውሃም ሳትታጠብ ነው የመጣችው።

«ጎበዝ ሚጡ! እንዳንቺ የሚሰማ ደንበኛ ቢኖረኝ የት በደረስኩ» አለቻትና ፓውደር ነሰነሰችላት።

እንጨቱን ነከረች። አንጓዋ ላይ ጠብ አደረገችው። ምንም። ትንሽ ጠበቀች፤ አሁንም ምንም። እህቷ ቀና ብላ ስታያት ግን እንደ ልማዷ እፍ አለችና ራሷን ነቀነቀች።

ዋክሱ የእህቷ ባት ላይ ሲያርፍ የእግር ጣቶቿ ጭብጥ አሉ።

«ይሞቃል እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነው እትዬ።»

ጨርቁን ለጥፋ ሳበች፤ ደገመች። ሦስተኛውን ስታነሳ ክው ብላ ቀረች። ከዋክስ በኋላ ቆዳ መቅላቱ ያለ ነው፤ ፀጉሩ በተነቀለበት ነጠብጣብ ሆኖ ይቀላና ቀስ እያለ ይከስማል። ይሄኛው ግን ነጠብጣብ አልነበረም። በእንጨቱ ስፋት ልክ የተዘረጋ፣ የሚያብረቀርቅ ቅላት ነው።

እህቷን ደግፋ ወደ ቧንቧው ወሰደቻትና እግሯን ቀዝቃዛ ውሃ ሥር አደረገችላት። እህቷ ከዋክስ በኋላ የሚቀባውን የእሬት ቅባት አይታ ልታነሳው ስትል እጇን ያዘቻት።

«ተይው! አሁን ውሃ ብቻ። ቅባቱ ላልተቃጠለ ሰው ነው።» ቃሉ ካፏ ካመለጠ በኋላ ነው የደነገጠችው። ተቃጥሏል ብላ አመነች ማለት ነው።

«ምን ሆናችሁ?» አለች የሳሎኑ ባለቤት ከውጭ።

«ምንም!» አለች እፍዬ።

ውሃው ለረጅም ጊዜ ወረደ። ከዚያ አልጋው ላይ አስቀመጠቻትና ንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ባቷ ላይ ጣል አደረገችላት። የእፍዬ እንባ መጣ።

«እንዲህ ሲያቃጥልሽ ለምን ትንፍሽ አላልሽም?»

«አንቺ በአንጓሽ ቀምሰሽው የለ? አንቺን ካላቃጠለ እኔ ነኝ የተሞላቀቅኩት ብዬ ነዋ።»

እፍዬ ወደ ማሞቂያው ዞረች። ይህን ብለው ዝም ያሉ ስንት ደንበኞች ይሆኑ? «ቅቤ ነሽ እንዴ» ብላ ያሳፈረቻትስ? አንድ በአንድ ፊታቸው መጣባት፤ ፍርሃቱም ከእንጀራ ፍርሃት ወደ ሌላ፣ ወደ ከፋው ፍርሃት ዞረ።

እህቷ ድንገት የእፍዬን የግራ እጅ ሳብ አደረገች። «እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

አንጓዋ ላይ፣ ዋክሱ ጠብ ባለበት ቦታ፣ ቆዳው ቀልቶ ውሃ ቋጥሯል። እሷ አላየችውም። አልተሰማትማ።

እህቷ ጨርቁን ከእግሯ አንስታ እንደገና በቀዝቃዛ ውሃ ነከረችና የእፍዬ አንጓ ላይ አሳረፈችው።

«ቀዘቀዘሽ?»

እፍዬ «አዎ» ልትል አፏን ከፈተች። ስትለው የኖረችው ነው፤ ቀላል ነበር።

«አልተሰማኝም ሚጡ» አለች።

በሩ ተንኳኳ። «ቀጣይዋ መጥታለች፤ ላስገባት?» አለች የሳሎኑ ባለቤት።

እህቷ ትኩር ብላ አየቻት። እፍዬ እጇን ሸሸገች፤ መልሳ አወጣችው።

«አታስገቢያት» አለች። «መጀመሪያ አንቺ ግቢ።»