ለኃላፊው የጻፍኩለት ንግግር

በዚህ ጉዳይ ውስጥ ዋናዎቹ አምስት ሰዎች ነን። የመጀመሪያዋ ልጄ ሕሊና ናት። ኮምፒውተር ተምራ ከተመረቀች ሁለት ዓመቷ ነው፤ የስልክ ጌም ትሠራለች፣ ይህንንም ሥራ ብላ ትጠራዋለች። ሁለተኛው ፈይሰል የሚባል የገለምሶ ልጅ ነው፤ የጌሙን ሥዕልና ድምፅ የሚያወጣው እሱ ነው። ሦስተኛዋ ማህሌት፣ አዲስ አበባ ካለ የጌም ድርጅት የመጣች እንግዳ ናት። አራተኛው አንድ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነው፤ ጥፋቱ የእሱ ስላልሆነ ስሙን አልጽፍም። አምስተኛው እኔ ነኝ። ጭሮ ውስጥ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና የውኃ ፓምፕ እጠግናለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲያ አስተማሪዬም ተማሪዬም እኔው ነኝ።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ከጥምቀት በኋላ ነው። ዕድሜዬን የሌላ ሰው ስህተት እያሳየሁ ኖሬ፣ የዚያን ቀን ግን የምቆጣው ሰው ብፈልግ ከራሴ በቀር ስላጣሁ አልረሳውም።

ሕሊናና ፈይሰል በምዕራብ ሐረርጌ የመጀመሪያውን የጌም ሠሪዎች ጉባኤ እናዘጋጃለን ብለው ተነሡ። ከመቻራም ከመሰላም እንደነሱ ስልክ ላይ ተደፍተው የሚውሉ ልጆች አገኙ። ማህሌትም መጥታ ሥራቸውን ልታይ፣ አንዱን ቡድን መርጣ ከድርጅቷ ጋር ልታሠራ ተስማማች። ቆይታዋ ለአንድ ቀን ብቻ ነበር፤ በማግስቱ ጠዋት ተመላሽ ናት።

እኔ ደግሞ ለሕሊና ቁርጡን ነግሬያት ነበር። "ይህ ነገር ካልሠመረ ኮምፒውተሩን ትዘጊና ለባንክ ፈተና ትቀመጫለሽ።" እሺ አለች። ልጄ እሺ ካለች እሺ ነው።

አዳራሹን ያስፈቀድኩት እኔ ነኝ፤ የአዳራሹን ድምፅ ማጉያ በነፃ ጠግኜ ነበር። ስለዚህ መርሐ ግብሩም የእኔ ሆነ። ልጆቹ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ብለው ነበር፤ እኔ ከቀኑ ስምንት ሰዓት አደረግሁት። ስምንት ሰዓት እዚህ አገር ሰው ሁሉ ጫቱን ይዞ በርጫ የሚቀመጥበት ሰዓት ነው። ወጣቱን ከዚያ ላወጣው አስቤ ነበር።

"ጋሼ፣ በስምንት ሰዓት ስብሰባ የሚጠራ ሰው ስብሰባው እንዳይደረግ የፈለገ ነው" አለኝ ፈይሰል።

"አንተም የመቃሚያ ሰዓትህ ስለተነካ ነው" አልኩት። ሳቀ።

ቀጥሎ የክብር እንግዳ ያስፈልጋል አልኩ። ያለ ክብር እንግዳ ጉባኤ አይቼ አላውቅም። ኃላፊው ወዲያው እሺ አለና "ንግግሩን ግን እናንተው አዘጋጁልኝ" አለ። አሠራሩ ይኸው ነው፤ ጋባዥ ይጽፋል፣ ተጋባዥ ያነባል፣ ሁለቱም ያጨበጭባሉ። ሕሊና "አባዬ፣ ግማሽ ገጽ ይበቃዋል፤ እኔ ልጻፈው" ብትለኝ፣ "አንቺ ስለ ንግግር ምን ታውቂያለሽ?" ብዬ አራት ገጽ በእጄ ጻፍኩ። ለማንም ሳላሳይ አጥፌ በፖስታ አሽጌ ሰጠሁት።

በቀኑ ኮቴን ለብሼ በር ላይ ቆምኩ። ሁለት መቶ ወንበር ደርድረናል። ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ስምንት ተኩል ሆነ። አዳራሹ ውስጥ አዘጋጆቹንና ጥበቃውን ጨምሮ ሃያ ሰው አለ። ማህሌት ከፊት ተቀምጣ ባዶ ወንበሮቹን ላለማየት ትሞክራለች። ኃላፊው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰ፤ ፖስታውን ከኪሱ አውጥቶ እዚያው ቀደደው። ሳያነበው እንደመጣ ያኔ ገባኝ።

ማንበብ ጀመረ። ድምፁ ጥሩ ነው።

"ስልክ በእጁ የያዘ ወጣት፣ እጁ ሥራ የያዘ ይመስለዋል። የጌም ጨዋታ ትውልድን ያለ ጦር የሚማርክ ጠላት ነው..." እያለ ወረደ። እኔ ለዓመታት በቤቴ የምናገረውን ነው የጻፍኩት። ስጽፈው እውነት ነበር፤ ለየትኛው ስብሰባ እንደሆነ ግን አንድ ጊዜም ቆም ብዬ አላሰብኩም። ሁለተኛው ገጽ ላይ "ቀን የተኛ ጣት ሌሊት ስልክ ይቆፍራል" የሚለው ሲመጣ ሕሊና ዞራ አየችኝ። ይህን አባባል ከእኔ በቀር የሚለው የለም፤ እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ቁርስ ላይ ስትሰማው አድጋለች።

ኃላፊው አራቱንም ገጽ ጨርሶ ጉባኤው መከፈቱን አበሰረ፤ ሌላ ስብሰባ አለብኝ ብሎም ሄደ። ማህሌት ወደ እኔ መጣች።

"ይቅርታ አባባ፣ ይህን ንግግር ማን ነው የጻፈላቸው?"

መዋሸት ይቻል ነበር። "እኔ ነኝ" አልኳት።

"ጥሩ ይጽፋሉ" አለች። እንደዚያ ያለ ምስጋና ጠላቴንም አይግጠመው።

ሕሊና ኮምፒውተሯን መዝጋት ጀመረች። ያን ጊዜ ፈይሰል "ሰው ወደ ጉባኤው ካልመጣ ጉባኤው ወደ ሰው ይሂድ" አለና፣ ማንንም ሳይጠይቅ ፕሮጀክተሩን ነቅሎ አነሣው። የሄድነው ከአዳራሹ ጀርባ ወዳለው የኦቦ አልዪ በርጫ ቤት ነው። እዚያ ቤት ደጃፍ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አልቆምኩም። የኤሌክትሪክ ገመዱን የሚሸከም ሌላ ሰው ስላልነበረ ተሸክሜ ገባሁ።

አርባ ያህል ሰው ፍራሽ ላይ ተቀምጧል።

"አባ ሕሊና፣ መንገድ ጠፋብህ ወይስ መብራት ልትቆርጥብን ነው?" አለ ኦቦ አልዪ።

"ሥራ ላይ ነኝ" አልኩ።

"እኛም ሥራ ላይ ነን፤ ና ተቀመጥ።"

የሕሊና ጌም ቡና የጫነ ሚኒባስ ከመቻራ ጭሮ ማድረስ ነው። ጉድጓድ ከገባህ ጆንያው ይፈስሳል። ግድግዳው ላይ ሲታይ ሰው ሁሉ አንገቱን ወደዚያ አዞረ። ሃያ ዓመት በዚያ መንገድ የነዳ አንድ ሹፌር ስልኩን ተቀብሎ ሦስት ጊዜ ገደል ገባ።

"ይሄ ስልክ ፍሬን የለውም" አለ።

"መኪናህስ መቼ ነበረው?" አሉት፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ሹፌሩ ግን አልተወም። ከገለምሶ ወዲህ ያለው ኩርባ በግራ በኩል መሆን አለበት ብሎ ሕሊናን ያዛት። ሌሎቹ ተነሡበት፤ ክርክሩ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። የመሰላና የመቻራ ልጆችም ተራ በተራ አሳዩ፤ እንዲህ ያለ ተመልካች አይተው አያውቁም። ማህሌት ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ስትጽፍ ቆየች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሕሊናንና ፈይሰልን ጠርታ፣ ለስድስት ወር እዚሁ ጭሮ ሆነው እንዲሠሩላት እንደምትፈልግ ነገረቻቸው። ኩርባውን አስተካክሉ አለቻቸው።

ሕሊና የባንክ ፈተና አልተቀመጠችም። ስለ ስልክ ያለኝ አሳብ ዛሬም ያው ነው፤ ከጻፍኩት ውስጥ ውሸት የምለው የለም። ነገር ግን እውነትን ካለቦታው ማንበብ ልጅን በሰው ፊት መምታት ነው። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ እኔም ለራሴ ለማስተማር ዘግይቻለሁ። አሁን ልጄ የጻፈችውን እኔ ላንብበው እላታለሁ፤ የጻፍኩትንም ታነብልኛለች።

ያን ቀን ከበርጫ ቤቱ ስንወጣ ኦቦ አልዪ በር ላይ አስቆመን። እሱ ቤት የተቀመጠ ሰው መዋጮ ሳይከፍል አይወጣም፤ የዕለቱ ወጪ ለሁሉም እኩል ይካፈላል። የዚያን ዕለት የጉባኤያችንን ወጪ የቤቱ ወጪ ነው አለና አስደመረው። አዳራሹ ላይ ለሰቀልነው ጨርቅ፣ ለፕሮጀክተሩ ኪራይና ለእንግዳዋ መኝታ የወጣው ተደምሮ ዘጠኝ ሺህ ብር ሆነ። አዳራሽም በርጫ ቤትም የነበርነው ስልሳ ሰው ስለሆንን ለያንዳንዳችን መቶ ሃምሳ ደረሰን። የአዳራሹን ጥበቃ አይክፈል ብለን ስንተወው የአንድ ሰው ድርሻ ጎደለ። ፈይሰል "የኃላፊው ድርሻ ይሁን" ብሎ ሊስቅ ሲል የሱን ቦታ እኔ ያዝኩ፤ ንግግሩ የእኔ ነበርና።

ሦስት መቶ ብር ከፈልኩ።