አራት ብሎን

ወርክሾፔ ግድግዳ ላይ በገዛ እጄ የጻፍኩት ወረቀት አሁንም ተለጥፎ አለ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል፤ ይህን ያየው ሁሉ ይመሰክርልኛል። «ከለላ ሳይታሰር ማሽን አይነሳም» ይላል የመጀመሪያው መስመር፣ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት። ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሳለሁ የሥራ ቦታ ደኅንነት የሚባለውን ትምህርት ከክፍሉ አንደኛ ሆኜ ነው ያለፍኩት። ይህን የማወራው ለጉራ አይደለም። «ሳያውቅ ነው» ብሎ የሚያዝንልኝ ሰው እንዳይኖር ብዬ ነው።

ነገሩ ሲደርስ ወርክሾፑ ከተከፈተ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ደብረ ታቦር ከገበያው ወረድ ብሎ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ክረምት ሲሆን ዝናቡ ጣራውን ሲወቅጠው የምንነጋገረው እየተጯጯህን ነው። ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ አንድ ቀለም ቀቢ፣ እና በዕድሜ አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ አንድ አናጢ። እኚህ አናጢ የፋርጣ ገጠር ሰው ናቸው። ሞፈርና ቀንበር ከመጥረብ ጀምረው የቤተ ክርስቲያን በር እስከ መሥራት የደረሱት በመጥረቢያ፣ በመሮና በመዶሻ ብቻ ነው። እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ «አለቃ» ይሉኛል፣ ግማሹ ለአክብሮት፣ ግማሹ ለቀልድ።

ሰርኩላሩን አይወዱትም ነበር። ሰርኩላር የምንለው ከብረት ጠረጴዛ መሐል ክብ መጋዝ ብቅ ብሎ የሚሽከረከርበትን ማሽን ነው።

«ይኸ ነገር ክፉ ነው፣ አለቃ» ይሉኝ ነበር። «መሮ ሊስት ሲል እጅህ ይነግርሃል። ይኸ ምንም አይነግርህም።»

እኔ እስቅባቸው ነበር። አሠራሩን ያስተማርኳቸውም እኔ ነኝ፤ እየፈሩም ቢሆን በአምስት ስድስት ወር ውስጥ ለመዱት። ከለላ ምን እንደሆነ ግን ጠይቀውኝ አያውቁም። «ማሽኑ የሱ ነው፤ የሚያስፈልገውን እሱ ያውቃል» ብለው ነው።

በዚያ ክረምት የአንድ ትምህርት ቤት ዴስክ ልንሠራ ተስማማን። መስከረም ሳይጠባ ማስረከብ ነበረብኝ። የዴስኩ ሳንቃዎች እንዲጋጠሙ ጠርዛቸው ላይ ቦይ ይወጣላቸዋል፤ ቦዩ ሲወጣ መጋዙን ከላይ የሚሸፍነው ብረት፣ ከለላው ማለት ነው፣ አላስገባ ይላልና መፈታት አለበት። የታሰረው በአራት ብሎን ነው። ፈታሁት፣ ግድግዳው ላይ ካለ ሚስማር ሰቀልኩት፣ ለተሰነጠቁት ሳንቃዎች ቦዩን አውጥቼ ጨረስኩ። መልሼ ላስረው መፍቻውን ሳነሳ መብራት ጠፋ። ሲመጣ አስረዋለሁ አልኩና ኮቴን አውልቄ እዚያው ከለላው ላይ ደርቤ ሰቀልኩት።

መብራቱ በዚያው እንደጠፋ ሦስት ቀን ቆየ። እኔም ሦስቱን ቀን ያልተሰነጠቀውን የሳንቃ ክምር እያየሁ ስበሳጭ ሰነበትኩ፤ ቀቢውን በማይረባ ነገር ሁሉ ተቆጣሁ። በአራተኛው ቀን ጠዋት መጣ። ቀኑ ግን ሃያ አንድ ነበር፤ የወሩ ማርያም።

በእኛ አገር ገጠር በማርያም ቀን አይታረስም፣ እንጨትም አይቆረጥም። ከተማው ውስጥ ሱቁም ቢሮውም ይከፈታል፤ የሚያከብርም የሚሠራም አለ። ጋሼ ከተማ ይደሩ እንጂ ልባቸው ገጠር ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት ከቅዳሴ ሲመለሱ ነጠላቸውን እንደለበሱ ሰላም ሊሉኝ ጎራ አሉ።

«እንዴት አደሩ ጋሼ? መብራት መጣ እኮ!» አልኳቸው።

«እሰይ። እስከ ነገ ያቆይልን።»

«ነገ መኖሩን በምን አወቁ?»

«ምን ላድርግ ታዲያ? ዛሬ እኮ ማርያም ናት።»

ምላሴ ክፉ ነው፤ የምፈልገው ነገር ሲኖር ደግሞ ማር ይሆናል። «ጋሼ፣ ልጆች ከመሬት ተነሥተው ወንበር ላይ እንዲቀመጡ ነው እኮ የምንሠራው። እመቤታችን ለዚህ ትቆጣለች?» አልኳቸው። የሳንቃውን ክምር አዩ። ከዚያ ነጠላቸውን አጣጥፈው ወንበር ላይ አስቀመጡ።

«ኃጢአቱ ባንተ» አሉኝ እየሳቁ።

«በኔ ይሁን» አልኩ። እኔም ሳቅሁ።

ማሽኑን ያስነሳሁላቸው እኔ ነኝ። ከለላው እንዳልታሰረ አይቻለሁ። እዚህ ላይ አላስተዋልኩም ነበር ብል ውሸት ነው። አየሁት፤ ኮቴን ማንሳቱ፣ ብሎኖቹን መፈለጉ፣ ማሰሩ በዓይኔ መጣብኝ፤ መብራቱም አሁን ይጠፋል አሁን ይጠፋል የሚል ጭንቀት ያዘኝ። ይችን ጥቂት ሳንቃ ይሰንጥቁና አስረዋለሁ ብዬ ወደ ሌላው ጥግ ሄድኩ።

ክረምት ስለሆነ እንጨቱ እርጥብ ነበር። መጋዙ ሳንቃውን ነክሶ ወደ ኋላ ሲወረውረው የጋሼ ግራ እጅ ወደፊት ተንሸራተተ። ጩኸት አልሰማሁም። የማሽኑ ድምፅ ተለወጠብኝና ዞር ስል የግራ እጃቸውን በቀኝ እጃቸው ጨብጠው ቆመዋል። ሌባ ጣታቸውና የመሐል ጣታቸው የሉም።

ማሽኑን አጠፋሁ፤ እጃቸውን በዚያው ባጣጠፉት ነጠላ ጠቀለልነው። ቀቢው ሮጦ ባጃጅ ጠራ። ሲሳፈሩ ግን አብሬ አልሄድኩም። «አንተ ይዘሃቸው ሂድ፣ እኔ ዘጋግቼ እደርሳለሁ» አልኩት ቀቢውን።

የምዘጋው ነገር አልነበረም። ተመልሼ ገባሁ፤ ኮቴን ከሚስማሩ አነሳሁ፣ ከለላውን አወረድኩ፣ አራቱን ብሎኖች አንድ በአንድ አሰርኩ። አንዱ ብሎን ሁለት ጊዜ ወደቀብኝ፤ ተንበርክኬ ከደሙና ከሰጋቱራው መሐል ፈልጌ አነሳሁት። እኚያ ሰው እየደሙ በባጃጅ ሲሄዱ እኔ ይህን እያደረግኩ ነበር።

ብዙ ሳይቆይ ጎረቤቱ ተሰበሰበ። አንዱ ጎንበስ ብሎ ማሽኑን አየና «ከለላ እያለው እንዴት ጣት ይገባል?» ሲል ጠየቀ። ጎረቤታችን ያሉ አንዲት እናት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው፣ «ኧረ ማርያም ናት! በቀኗ መጋዝ አስነሥታችሁ!» አሉ። ሌሎቹም አማተቡ። ያን ቀን ያሰርኩት ከለላ የሠራው ሥራ ይህ ነው፤ ሰው ሁሉ ሌላ ምክንያት አጥቶ ወደ ሰማይ አንጋጠጠ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። እነሱም አዝኖ ነው አሉ።

ሆስፒታል ስደርስ ጋሼ እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ተኝተው ነበር።

«አለቃ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ያ ብረት ወልቆ አልነበረም እንዴ?»

እውነቱን የምናገርበት ደህና ጊዜ ቢኖር ያ ነበር። ጎረቤት ያለውን ቢልም እሳቸው ገና ምንም አላመኑም፤ ዓይናቸውንም አላጡም፣ ያዩትን አይተዋል።

«ኧረ ታስሯል ጋሼ» አልኩ። «መጥተው ሊያዩት ይችላሉ።»

ጥቂት አሰቡ። «እንግዲያማ እሷ ናት» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከዚያ በኋላ ሥራውን እርግፍ አድርገው ተዉት። በቀሩት ጣቶች መሮ መያዝ ይችሉ ነበር፤ ሐኪሙም ይህንኑ ነግሯቸዋል። እሳቸው ግን «እሷ የከለከለችኝን እጅ አልመልስም፤ መሣሪያ ላልነካ ምያለሁ» አሉ። የመሣሪያ ሳጥናቸው ወርክሾፑ ቀረ። እኔ የሕክምናውን ወጪ ቻልኩ፤ በየዓመት በዓሉ ባዶ እጄን ሳልሆን ቤታቸው እሄዳለሁ። ቆመው ይመርቁኛል። ጎረቤቶቻቸው «እንዲህ ያለ አሠሪ ከየት ይገኛል» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንዲያ የተባልኩ ዕለት ቤቴ ገብቼ ሚስቴም ልጆቼም ላይ ያለ ምክንያት እጮኻለሁ። ሳጥኑን ግን በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ከፍቼ መሮዎቹን ዘይት እቀባቸው ነበር፤ ዝገት እንዳይበላቸው። ይህን ሳደርግ አንድ ነገር የከፈልኩ ይመስለኝ ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያለ ከአሥር ዓመት በላይ አለፈ። የደብረ ታቦር ብርድ የተቆረጠው ጣታቸው ላይ እየገባ ያሰቃያቸዋል ሲሉ ስሰማ፣ መኪና ገዝቼ ስለነበር ወንዛዬ ፍል ውሃ ልውሰድዎ አልኳቸው። ደስ አላቸው። መንገዱን ሙሉ ስለ ልጃቸው ልጅ ሲያጫውቱኝ ሄድን።

ፍል ውሃው ውስጥ እስከ አንገታችን ገብተን ሳለን አጠገባችን ይታጠብ የነበረ ሰው የጋሼን እጅ አየ። አናጢ መሆኑን ነገረን፤ «ምን አግኝቶዎት ነው አባቴ?» አላቸው።

«በማርያም ቀን ሠርቼ ቀጣችኝ» አሉት፣ ተረጋግተው። ብዙ ጊዜ የተናገሩት መሆኑ ያስታውቃል። «አንተም በቀኗ እንዳትሠራ። በማሽኑ እንዳላመካኝ ከለላው ታስሮ ነበር። ይኸው አለቃዬ ምስክሬ ነው። አይደለም እንዴ፣ አለቃ?»

ሁለቱም አዩኝ።

«አልታሰረም ነበር» አልኩ።

ጋሼ በትክክል የሰሙኝ አልመሰላቸውም። ደገምኩላቸው። ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ሚስማሩን፣ ኮቱን፣ ባጃጁን፣ ከሰጋቱራው ውስጥ የፈለግሁትን ብሎን። ሰውየው ከአጠገባችን ራቅ አለ።

«ስንት ብሎን ነው ያልከኝ?» አሉ ጋሼ።

«አራት።»

«አራት» አሉ። የግራ እጃቸውን ከውሃው አውጥተው አዩት። ይመቱኛል ብዬ ነበር፤ ቢመቱኝም በወደድኩ።

«ይኸን ሁሉ ዘመን ከደጀ ሰላም አልፌ ገብቼ አላውቅም። ቅዳሴውን ከውጭ ቆሜ ነው የምሰማ። የልጄ ልጅ ክርስትና ሲነሣ እናቱ ‹አባባ ግቡ እንጂ› እያለች ስትለምነኝ ጫማዬን እንዳሰርሁ በሩ ላይ ቀረሁ። ሥዕሏ ቤቴ ውስጥ አለ፤ ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም፣ አፍሬ። ጣቴን ተወው፣ ጣት ነው። እኔን ከሷ ጋር አጣላኸኝ።»

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ከውሃው ወጥተው ልብሳቸውን ለበሱ። ከወንዛዬ እስከ ቤታቸው ድረስ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ ሄዱ። ሲወርዱ በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

ጥቂት ቀን ቆይተው ወርክሾፕ መጡ። ነጠላቸውን እንደ ደንቡ ለብሰዋል። ቀቢው ደንግጦ ብሩሹን አስቀመጠ። ጋሼ በርጩማ ስበው ሰርኩላሩ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«ፍታው» አሉኝ።

ከለላውን ፈታሁት። ሚስማሩ አሁንም እዚያው ነው፤ ሰቀልኩት። ከኪሳቸው ስልካቸውን አውጥተው ሰዓቱን አዩ።

«እሰረው።»

አሰርኩት። ከሚስማሩ አንሥቼ አራቱንም ብሎን እስክጨርስ ድረስ እጆቼን ሲመለከቱ ቆዩ። ዳግመኛ ስልኩን አዩ።

«ስድስት ደቂቃ» አሉ።

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ።»

«ሳጥኔ አለ?» ብለው ጠየቁ። ከጠረጴዛው ሥር ጎትቼ አውጥቼ ከፈትኩላቸው። በዘይት የሚያበሩትን መሮዎች አዩ፤ ፊታቸው ላይ ምንም አላነበብኩም። እጃቸውን ግን አልሰደዱም።

«ነገ እወስደዋለሁ። ዛሬ ማርያም ናት፤ መሣሪያ አልይዝም። ከደጀ ሰላሙ አልፌ ወደ ውስጥ እገባለሁ» አሉና ተነሥተው ወጡ።

ማርያም መሆኗን ረስቼው ነበር። እኔ እኮ አሁንም በማርያም ቀን እሠራለሁ። የዚያን ዕለት ዘጋሁ።

በማግሥቱ ከጠዋት ጀምሮ ጠበቅኋቸው። ምሳ ልበላ ወጣ ስል መጥተው ሳጥኑን ወስደዋል። ቀቢው እንደነገረኝ ልሸከምልዎ ቢላቸው እሺ አላሉም፤ እጀታውን በግራ እጃቸው በቀሩት ጣቶች ጨብጠው አነሡት። ለኔ የተዉት መልእክት አልነበረም። ከመውጣታቸው በፊት ግን ሰርኩላሩ ዘንድ ቆም ብለው፣ ጎንበስ ብለው አራቱን ብሎኖች አንድ በአንድ ነካክተው መጥበቃቸውን አይተዋል።