የግንቦቱ ምርጊት

ልጅ ሳለሁ፣ የግንቦት ልደታ ካለፈች በኋላ በትምህርት ቤታችን ግቢ ጭቃ ይቦካ ነበር። የሰፈሩ ሰው አፈሩን ከጭድ ጋር ረግጦ እስኪብላላ ይተወዋል፤ ከዚያ ክረምት ሳይገባ የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ይመረግበታል። ያኔ ጭቃውን ከውሻና ከእኛ ከልጆቹ የሚጠብቁት አባባ ይማም ነበሩ፤ ከወሎ መጥተው ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ልብስ የሚሰፉ ጎረቤታችን። ሲመሻሽ ቁርጥራጭ እንጨት አቀጣጥለው ይቀመጣሉ፣ እኛም ጢሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን እንከባቸዋለን።

ስለ ትምህርት ቤቱ ሲያወሩ ስለ ዘመድ የሚያወሩ ይመስሉ ነበር። እግሩ ድንጋይ፣ አጥንቱ ጽድ፣ ሥጋው ጭቃ ነው ይሉናል። መሠረቱን የልደታ ተሳላሚዎችና ከጁምዓ የተመለሱ ነጋዴዎች አብረው እንደጣሉት፣ በረንዳው የሰፋውም ዝናብ ግድግዳውን እንዳይገርፈው መሆኑን የነገሩን እሳቸው ናቸው።

ከተረታቸው ሁሉ የምወደው የክረምትንና የጭቃ ቤትን ነው። ክረምት መጣና ቤቱን፣ አንተ አፈር፣ አሟሟሃለሁ አለው። ቤቱም፣ አንተ በየዓመቱ ትመጣለህ፣ ልጆቼም በየዓመቱ ይመጣሉ አለ። ክረምት ዘንቦ ዘንቦ ደከመውና ሄደ።

«ልጆቹ ባይመጡስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ፍሙን ቆስቆስ አደረጉና፣ «እንግዲያ ክረምት አፈረሰው እንዳትሉ፣ ልጄ» አሉኝ።

እሳቸው ካረፉ በኋላ የትምህርት ቤቱ ኃላፊዎች ግድግዳውን በሲሚንቶ አስለሰኑት። ዘመናዊ ሆነ ተባለ፣ ምርጊቱም ቀረ። ሲሚንቶ ጭቃን አፍኖ እንደሚያበሰብስ የነገራቸው የለም፤ ቢነገራቸውም የሚሰሙ አልነበሩም። ዘንድሮ ልስኑ አብጦ ሲሰነጠቅ እኛን ወላጆችን ሰበሰቡን። ልጄ የምትማረው እዚያው ነው። ወጣቱ መሐንዲስ በትሕትና፣ ያረጀ ጭቃ ስለሆነ ዝናብ ጨርሶታል፣ መፍረሱ ነው ብሎ አስረዳን። ደሜ ፈላ፤ ተነሣሁ።

«ዝናብ አይደለም የጨረሰው። ሲሚንቶውን አንሡልን፣ ምርጊቱን እኛ እናውቅበታለን።»

አንዳንዱ ሳቀ። ከኮንዶሚኒየም የመጡ አንዲት እናት ግን ጭድ የት እንደሚገኝ ጠየቁኝ። ስንከራከር ውለን የኋላውን ግድግዳ ሰጡን፤ ክረምቱን ከተወጣ ቤቱ ይቆያል፣ ካልተወጣ ይፈርሳል። አንድ ግድግዳ ይበቃናል አልናቸው።

ሲሚንቶው በመዶሻ ሲነሣ፣ ከሥሩ ብዙው አሮጌ ጭቃ ጭዱን እንደያዘ ተገኘ። ጫማችንን አውልቀን ገባንና አዲሱን ረገጥን፤ ልጄም እስከ ጉልበቷ ተነክራ ተረቱን አስደገመችኝ። የልጅነቴ ብዙ ነገር ደብዝዞብኛል፤ የአባባ ይማም መልስ ግን አለቀቀኝም። እዚህ ከተማ ጭቃ ስድብ ሆኗል፣ አሮጌ ማለትም ፈራሽ ማለት ሆኗል፤ እኔ አልቀበልም።

ትናንት የመጀመሪያው ዶፍ ወረደ። ጃንጥላ ይዘን ከመረግነው ግድግዳ አጠገብ ቆምን። ክረምት መጥቷል፤ እኛም መጥተናል።