ድምፁ እስኪወርድ

ልጅ ሳለሁ አባቴን ለማንም አላካፍልም ነበር። ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን፣ ማታ ማታ እናቴ ምድጃው ላይ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ጨምራ ኩራዙን ስታበራ፣ ጭኑ ላይ ተደላድዬ አፉን አፉን አየው ነበር። «ተረት ተረት» ይላል። «የላም በረት» እላለሁ። ያቺ መልስ የእኔ ነበረች፤ እናቴ እንኳ ተሳስታ ከቀደመችኝ አኮርፍ ነበር። እንዲህ የምሰስትበት ምክንያት ነበረኝ። አባቴ ዳዴ ስል ጥሎኝ ወደ ዐረብ አገር ሄዶ፣ ሮጬ የምቀበለው ልጅ ስሆን ነው የተመለሰው። ያመለጠኝን ሁሉ በማታ በማታ ላስከፍለው ቆርጬ ነበር።

የሄደው ከታናሽ እህቱ ከጥሩወርቅ ጋር ነው፤ በረዶ ገብሱን በመታበት ዓመት። ባሕሩን እንደተሻገሩ ደላሎች ይዘው ቆለፉባቸው፣ ወንዶቹን በአንድ ክፍል፣ ሴቶቹን ከግድግዳው ወዲያ። በኋላ አባቴን ለብቻው አውጥተው ወሰዱት፣ ከዚያም በፖሊስ ተይዞ ወደ አገሩ ተላከ። አክስቴ እዚያው ቀረች። ያኔ ይህን ሁሉ አላውቅም፤ የማውቀው አባቴ ከተረቱ መሀል ድንገት ዝም ብሎ እሳቱን ማየቱን ነበር። «ከዚያስ?» እያልኩ ጢሙን እጎትተዋለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ አክስቴ ከደሴ በሚመጣው መኪና መጣች። ጎረቤቱ ተሰብስቦ «አብሽሪ፣ ያልፋል፣ አገርሽ ገባሽ» አላት። እሷ ግን ለማንም አልመለሰችም። መደቡ ላይ ወጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀመጠች፤ በማግስቱም እንደዚያው፣ በሳምንቱም እንደዚያው። ሁለት ጉርሻ ትቀምሳለች፣ ትተወዋለች። ሰው ድምፁን ከፍ ካደረገ ትደነግጣለች። ተረቱም በዚያው ቀረ። አባቴ ማታ ማታ እኔን ከጭኑ አውርዶ እግሯ ስር ይቀመጥና እንዲህ ይል ጀመር፦

«ከላይኛው ማሳ አረሙ ጸናብኝ፤»

ከዚያ ዝም ይላል። ልጆች ሳሉ ተዳፋቱ ላይ ሲያርሙ፣ እሱ ከላይኛው ማሳ ዘፈኑን ያወጣል፣ እሷ ከታችኛው «ከታች እመጣለሁ ጀንበሯን ያዝልኝ» ብላ ትቀበላለች። ደላሎቹ በቆለፉባቸው ቤትም እንዲሁ አደረጉ አሉ፤ ጠዋት ከግድግዳው ወዲህ ያወጣል፣ ከወዲያ ከተቀበለችው እህቱ አድራለች ማለት ነው። ታዲያ እዚህ፣ በገዛ ቤታችን፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጦ እየጠራት አትቀበለውም። ቢሆንም ይጠብቃታል። ፍሙ አመድ እስኪለብስ ይጠብቃታል።

አንጀቴ አረረ። አባቴ እኔን እንደዚያ ጠብቆኝ አያውቅም። ባትመጣ ምን ነበረበት እል ነበር፤ እንዲያውም እኔንም የሆነ ሰው ቢቆልፍብኝና ከግድግዳ ወዲያ ሆኖ ቢጠራኝ ብዬ የተመኘሁበት ማታ አለ። ልጅ ምን ያውቃል! ቅናት ግን ልጅም ትልቅም አይመርጥም።

አንድ ምሽት አባቴ እንደ ልማዱ አውጥቶ ሳይጨርስ፣ ከምድጃው ዳር ብድግ ብዬ «ከታች እመጣለሁ ጀንበሯን ያዝልኝ!» ብዬ ጮህኩ። እናቴ «አንቺ ልጅ!» አለች። አባቴ ዞሮ ያየኝን አስተያየት አልረሳውም፤ በጥፊ የሚለኝ መስሎኝ ዐይኔን ጨፈንኩ።

«አትቸኩይ።»

የሻከረ፣ የማላውቀው ድምፅ ነበር። ዐይኔን ስገልጥ አክስቴ ከግድግዳው ወደ እኔ ዞራለች።

«ድምፁ እስኪወርድ ጠብቂ እንጂ። ከላይኛው ማሳ አይደል የሚጠራሽ?»

አባቴ ዳግመኛ አወጣው። እሷ ጠበቀች። ድምፁ እርከን እርከኑን እየወረደ የሚመጣ ይመስል አንገቷን ዘንበል አድርጋ ጠበቀችው፣ ከዚያ ቀስ ብላ ተቀበለች። እኔ ዘፈኑን የተማርኩት ከምድጃ ዳር ነው፤ መሀሉ ላይ ያንን የሚያህል ርቀት እንዳለ በምን አውቃለሁ? አባቴ ጉልበቷን አቅፎ አለቀሰ። ዝምታዋን የሰበርኩት እኔ ነበርኩ፤ ዞር ብሎ ያየኝ ግን አልነበረም። መልሷን የቀማኋት መስሎኝ እኔው መልሼ ሰጠኋት።

ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ አገገመች። መብላት ጀመረች፣ ከእናቴ ጋር ገበያ ወጣች፣ ሳቋም ተመለሰ። አንድ ማታ ከመደቡ ወርዳ እሳቱ ዳር ተቀመጠችና «ተረት ተረት» አለች። አፌን ስከፍት አባቴ ቀደመኝ፤ «የላም በረት!»

እንባዬ መጣ። አክስቴ አይታኝ ሳቀች። «በይ ቻይው የኔ እመቤት፣ አንቺስ የእኔን ቀምተሽ የለ?»

ስለ እስራታቸው ከራሷ አፍ የሰማሁት በዚያ ተረት ነው። ወንድምና እህትን አያ ጅቦ ይዞ በሁለት ጉድጓድ ከተታቸው። ወንድም ያወጣል፣ እህት ትቀበላለች፤ ጠዋት ጠዋት እንዲህ እየተባባሉ ሰነበቱ። አንድ ቀን የወንድሟ ድምፅ ጠፋ።

«እህትየዋስ ምን አደረገች?» አልኩ ኩርፊያዬን ረስቼ።

«ጠበቀች፣ ጠበቀችና ተቀበለች።»

«ሳይጠራት?»

«ጠርቷታል። ሩቅ ስለሆነ ገና አልወረደም ነዋ።»

አባቴ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበው።

አባቴ አምና አረፈ። ከምኖርበት ከደሴ መጥቼ፣ የአርባው እንግዳ ከተበተነ በኋላ፣ አክስቴን ያንኑ መደብ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አገኘኋት። ያቺው ዝምታ እንዳትመለስባት ፈራሁ። እግሯ ስር ተቀምጬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ የአባቴን አወጣሁት፦ «ከላይኛው ማሳ አረሙ ጸናብኝ።»

አልተቀበለችኝም። ጠበቅኋት፤ አሁን መጠበቅ አውቃለሁ። ድምፅ ከላይኛው ወደ ታችኛው ማሳ የሚወርድበት ጊዜ አለፈ፣ አሁንም ጠበቀች፤ ዝምታው ከዚያም እጅግ ረዘመ። ከዚያ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ የሆነ ነገር የደረሰላት ይመስል፣ በዚያችው በሻከረች ድምፅ ተቀበለች።

በማግስቱ እህል ቀመሰች፤ ደስ አለኝ። በሁለቱ መሀል ዕድሜዬን ስመኘው የኖርኩት ቦታ ላይ ተቀምጬ የጠራኋት እኔ ነበርኩ፤ የመለሰችው ግን ለአባቴ ነበር። ዛሬም ቀናሁ።