የአብዱልቃዲር አንድ ተራ

አብዱልቃዲር ሃያ ዓመት ሙሉ ከሂርና ጫት ጭኖ አይሱዙ ሲያበር የኖረ የጭሮ ሰው ነው። ጫት ከዘገየ ይጠወልጋልና መንገድ ላይ መቆም አያውቅም ነበር። መንዳት ከተወ ወዲህ ሴት ልጁ ትታለት በሄደችው ኮምፒውተር የጦርነት ጨዋታ ይዞ ይውላል። ጨዋታው በተራ ነው፤ እሱ ሠራዊቱን ያንቀሳቅሳል፣ ቀጥሎ ጠላት ያንቀሳቅሳል። ስንቅ የጫኑትን መኪኖች ከተራራው ማዶ ማሻገር ሁለት ወር አቃተው። እግረኛ ጦሩ መንገዱን ሳያጣራለት እሱ መኪኖቹን ያስቀድማል፤ ጭጋግ ውስጥ ያደፈጠው ጠላት ያቃጥላቸዋል። ተናዶ ይዘጋዋል፤ ሻዩን ሳይጨርስ መልሶ ይከፍተዋል።

ወንድሙ ቡርሃን ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አጠገቡ ተቀምጧል። እግሩን ያጣው አብዱልቃዲር ይነዳው በነበረው መኪና ውስጥ፣ ጭጋግ በሸፈነው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ነው።

«ምን ያጣድፍሃል አቦ? የጫንከው ዱቄት ነው፤ አይጠወልግ» አለው።

አብዱልቃዲር ሳቀ። ከዚያም አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ መኪኖቹን ባሉበት አቁሞ ተራውን አሳለፈ። እግረኛው መንገዱን አጣራ፣ ጭጋጉ ተገፈፈ፣ መኪኖቹም አንድ ሳይጎድል ተሻገሩ።

«በል እንኳን ደስ ያለህ» አለ ቡርሃን።

እግሩን ባጣበት ቀንም ቡርሃን «ጭጋጉ እስኪገፈፍ እንቁም» ብሎት ነበር። መቆም ይህን ያህል ቀላል እንደነበረ አብዱልቃዲር አሁን አየ፤ ወደ ክራንቹ ዞሮ ማየት ግን አቃተው።