የአምባዛ ጭንቅላት በእትዬ ብርቅነሽ ፍሪጅ

ሸዋገነት የቀጨኔ ልጅ ናት። ስለ ዓሣና ስለ እንቁራሪት መዋለድ ተምራ ዶክተር ስትባል ሰፈሩ ደስ ብሎት ነበር፤ ደም ግፊት እንደማትለካ ሲያውቅ ግን ማዕረጉን ቀስ ብሎ መልሶ ወሰደባት። እንቁራሪቶቿን እናቷ ከቤት ካስወጡባት ወዲህ በዓሣው ጸንታለች።

አሁን የያዘችው አምባዛ ነው። አምባዛ በገንዳ ሲኖር እንቁላል ይይዛል እንጂ አይጥልም። ከአንጎሉ ሥር ያለች ሰሊጥ የምታክል እጢ ሆርሞኗን ካልለቀቀች፣ እንቁላሉ እዚያው ሆዱ ውስጥ ሟሙቶ ይቀራል። ሸዋገነት ታዲያ እጢዋን ከሌላ አምባዛ ጭንቅላት አውጥታ፣ ፈጭታ በመርፌ ትሰጣለች። ከውጭ የሚመጣውን መድኃኒት የሚጣል ጭንቅላት ይተካዋል ባይ ናት። በዚህ ክረምት ሁለት ጊዜ ሞክራ ከሸፈባት። የቀረቻት እንቁላል የያዘች አንዲት ሴት አምባዛ ብቻ ናት። እሷም ካልጣለች፣ መሥሪያ ቤቷ ጥናቱን ዘግቶ ገንዳውን ከግቢዋ ሊያነሳ ነው።

ለዚህ ነው በፍልሰታ ጾም የዓሣ ጭንቅላት በፌስታል ይዛ ዳገቱን ስትወጣ የምትታየው። ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ «ጾም ሻረች» አለ፣ ግማሹ «ደሞዝ ከልክለዋታል» አለ። አጥር የሚጋሯት እትዬ ብርቅነሽ ከሁለተኛው ወገን ነበሩ።

ሐሙስ ማታ ሦስት ጭንቅላት እትዬ ብርቅነሽ ፍሪጅ ውስጥ አሳደረች። የራሷ ፍሪጅ ለጥገና እኔ ጋ ነበር፤ ኮምፕረሰሩን «ነገ፣ ነገ» እያልኳት ሁለት ሳምንት ሆኖኝ ነበር። ዓርብ ጧት የገንዳውን ማሞቂያ ላይላት ስሄድ፣ እትዬ ብርቅነሽ ድስት ይዘው ገቡ።

«እንቺ ሸዋዬ፣ በትኩሱ ጠጪው። ጾም ስለሆነ አልቀመስኩትም፤ ጨው ካነሰው ጨምሪበት።»

«ምንድን ነው እትዬ?»

«ጭንቅላቶችሽ ናቸዋ! ሾርባ አደረግሁልሽ። ማጣት ነውር አይደለም፣ ለምን ትደብቂኛለሽ?»

ሸዋገነት ክዳኑን ከፈተች። ከሽንኩርቱ መሐል ነጭ ዓይኖች አፈጠጡባት።

«እትዬ... የዛሬው መርፌዬ'ኮ ነበር!»

አስረዳቻቸው። የተቀቀለ እጢ አይሠራም። ዓሣ ቤቱ እስከ ሰኞ አምባዛ አያስገባም፤ የሴቷ እንቁላል ደግሞ እስከ ሰኞ አይጠብቅም።

እትዬ ብርቅነሽ ደንግጠው ወደ ገንዳው ጎንበስ አሉ። «ይሄኛውስ?»

«ወንዱ ነው። ዘሩ ተጨምቆ አይወጣም፤ ማታ እንቁላሉ ሲወጣ ይታረዳል።»

«በሠርጉ ዕለት?»

«ሌላ መንገድ የለኝም።»

«ታዲያ እሱ ጭንቅላት የለውም?»

ስምንት ዓመት ተምራበት ይህ አልታያትም ነበር። የወንድም እጢ ይሠራል፤ ክብደታቸው ስለሚቀራረብም የእሱ አንድ እጢ ለእሷ ይበቃል። ጣጣው ዘሩ ነው። አሁን ከታረደ ዘሩ እስከ ማታ ድረስ ለአሥራ አንድ ሰዓታት ቀዝቅዞ መቆየት አለበት፤ ከሞቀ ይሞታል፣ በረዶ ከሠራም ይሞታል። ከአንድ ሰዓት በላይ አቆይታው አታውቅም።

አረደችው። ጧት አንድ ሰዓት ላይ እጢውን ፈጭታ ሴቷን ወጋች። ዘሩ በብልቃጥ ሆኖ ወደ እትዬ ብርቅነሽ ፍሪጅ ታችኛው መደርደሪያ ገባ፤ እኔም ቴርሞሜትር ሰካሁበት። አራት ዲግሪ። እትዬ ብርቅነሽ በርጩማ አምጥተው ፍሪጁ ፊት ተቀመጡ። ባላቸው ጋሽ ይገዙ መጡ።

«ብርቄ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ብቻ...»

«ከቧንቧ ጠጣ! ጉለሌ ነው ያለኸው፣ ከዚህ በላይ አይቀዘቅዝም።»

ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ገንዳው ሃያ አምስት ዲግሪ ላይ መቆየት ስላለበት ብርድ ልብስ ደረብንበት፤ ፍሪጁን ደግሞ ሙቀት እንዳይገባው ጋቢ አለበስነው። መብራቱ ከአርባ ደቂቃ በኋላ መጣ። አምስት ዲግሪ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሸዋገነት ሴቷን በእርጥብ ጨርቅ ይዛ ሆዷን ቀስ አድርጋ ጫን አለች። ምንም የለም። ትንሽ ዝቅ ብላ ደገመች። እንቁላሉ ዳጉሳ መስሎ ተንዠቀዠቀ፤ ከዘሩ ጋር በዶሮ ላባ አማሰለችው። እትዬ ብርቅነሽ እልል ሊሉ ሲሉ እጃቸውን ያዘቻቸው።

«ቆይ እትዬ፣ ዘሩ ሞቶ እንደሆነ አናውቅም።»

እሑድ ጧት ሄድኩ። ሸዋገነት ወንፊት ላይ አጎንብሳ ትቆጥራለች። ከመቶው እንቁላል ሰባ ሁለቱ ነጭ ሆኖ ተበላሽቷል።

«ሃያ ስምንት ብቻ?» አልኳት።

«ከመቶ ሃያ ስምንት! ሁሉንም ደምረው እስቲ፤ በሺህ የሚቆጠር ነው'ኮ!»

እትዬ ብርቅነሽ መነጽራቸውን አድርገው አዩ። «ይሄ የሚንቀጠቀጠው ጭራ ነው ዓሣው?»

«እሱ ነው።»

ስልኳን አንስታ ለአለቃዋ ደወለች። «አቶ ማቲያስ፣ እንደምን አደሩ? ገንዳውን የሚያነሱትን ሰዎች እንዳይልኳቸው... አይ፣ አልተበላሸም። ገንዳው ተከራይ ገብቶበታል።»