ጸበል የጠጣ ጠጠር

ከቡሬ በታች ጣሊያን ያሠራው ድልድይ እስከ ዛሬ ቆሟል። ሰው ሁሉ ጥንካሬውን ያደንቃል። እኔ ግን በበጋ በላዩ አላልፍም፤ ቀሚሴን ሰብስቤ ከታች በእግር መሻገሪያው እሻገራለሁ። «አሮጊቷ ጃጀች» ይላሉ። ይበሉ፣ ምን ገዶኝ።

ጣሊያን ድልድዩን ሲጀምር ታናሽ ወንድሜ ሸፍቶ ከወንዙ ማዶ በረሃ ወርዷል። ድልድይ እስካልቆመ ድረስ የጣሊያን መኪና እሱ ዘንድ አይደርስም። ባለቤቴ ግንበኛ ነበርና ድልድዩን እንዲሠራ አስገድደው ወሰዱት። ለጠጠር የሚሆን ድንጋይ ከሩቅ ከማምጣት ብለው፣ ራሳቸው ያቃጠሉትን የደብራችንን ግንብ አፍርሰው በመዶሻ አስደቀቁት። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ አኮረፈ፤ ሳናግረው አይመልስም። የጠላት ሥራ አንጀቱን ያሳረረው መስሎኝ ተውሁት።

እኛን ሴቶቹን ያንገበገበን ሌላ ነበር። እናቶቻችን ሲሳለሙት የኖሩት ድንጋይ ያለ ጸሎት ከሲሚንቶ ሊለወስ ነው። ቄሰ ገበዙን ለምነን ምንጩን ባርከው ጸበል አደረጉልን። አሠሪው ፈረንጅ ምሳውን በልቶ ሲተኛ፣ ሠራተኛውም ጥላ ፍለጋ ሲሄድ፣ ሦስት ቀን በእንስራ እየተሸከምን ጠጠሩን አጠጣነው። ዘበኛው ባንዳ ቢሆንም ክርስቲያን ነውና አይቶ እንዳላየ ሆነ። ድንጋዩ ላይ የቀረው አሮጌ ኖራ እንደ ጠማው ከብት ይጠጣል፤ በመጨረሻ ግን ጠገበ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ላዩ በፀሐይ ቶሎ ስለሚደርቅ ባለቤቴ ልብ አላለውም፤ እኔም መዘዝ እንዳይመጣበት ብዬ አልነገርሁትም።

ሲሚንቶው ደርቆ ደጋፊ ጣውላው የተነሣ ዕለት ድልድዩን በመዶሻ መታ መታ አድርጎ አየውና ፊቱ ጠቁሮ ቤት ገባ።

«ያን ጠጠር ያጠጣው ማነው?» አለኝ።

«እኛ ነን፣ ጸበል ነው። ምነው፣ አጠፋን?»

«ኖራ ያለበት ጠጠር ደርቆ ከገባ የሲሚንቶውን ውሃ ይመጥጠዋል። ሲሚንቶው አይያያዝም፤ መኪና ሲወጣበት ይፈርስ ነበር። እኔም ይፍረስ ብዬ ነበር ዝም ያልሁት። አሁን ግን ጠጠሩ ውሃ ጠግቦ ገብቷልና የልጅ ልጆቻችንም አያፈርሱት።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ሴት ምስጢር አትይዝም ብዬ» አለና መሬት መሬቱን አየ።

አራት ልጅ የወለድሁለት ሰው ነው እንዲህ የሚለኝ። ተቆጣሁ፣ አለቀስሁ። ግን እኔስ መቼ ነገርሁት?

ብዙም ሳይቆይ መኪኖቹ ተሻገሩ። የወንድሜን ሬሳ እንኳ አልሰጡንም። ባለቤቴ እስኪሞት ድረስ ያን ነገር ዳግም አላነሣብኝም፤ ቢያነሣብኝ ይሻለኝ ነበር።

ነፃ ከወጣን በኋላ ቄሰ ገበዙ ድልድዩን ባዩ ቁጥር «የጸበሉ በረከት ነው፣ ልጄ» ይሉኝ ነበር፤ እኔም «አሜን» እል ነበር። ምን ልበላቸው? ክረምት ወንዙ ሲሞላ ገበያ ለመሄድ በላዩ ማለፍ ግድ ነው። ጫማዬን አወልቅና አጎንብሼ ስንጥቅ እየፈለግሁ እሻገራለሁ። ይኸው እስከ ዛሬ አንዲትም አላገኘሁም።